የስንሻው ስልቻ

ስንሻው መሞቱን የነገረኝ ደሴ ነው። በገበያ ቀን ደምበጫ ውስጥ፣ ከአንድ ጠላ ቤት መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ደሴ ዋንጫውን አስቀመጠና «ያ ፋንድያ ሞተ» አለኝ። «ነፍስ ይማር» ልል አፌን ስከፍት እሱ ወደ መሬት እንትፍ አለ።

«ምነው ደሴ፣ በሞተ ሰው ላይ?»

«በክት አብልቶን እኮ ነው የሞተው! ጮቄ ላይ ሳለን ያመጣልን የነበረው ሥጋ ሞቶ ያገኘው ነው። ቢላዋ የሚያሳርፍበት ነፍሱ ከወጣች በኋላ ነበር። ሊሞት ሲል ራሱ ላከብን። ‹ያበላኋችሁ ሁሉ ንስሐ ግቡ። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነው› ብሎ።»

«ከእኛ መሀል ቀብሩ ላይ የተገኘ አለ?»

«ማንም። ብሄድስ ምን ብዬ ላልቅስለት? ሆዴን ስነካው እንኳ ይዘገንነኛል።»

ደሴ ሊጠመቅ ስላሰበበት ጠበል፣ የንስሐ አባቱ ስለሚሰጡት ቀኖና ማውራቱን ቀጠለ። እኔ አልሰማውም ነበር። «የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ» ያለው ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስንሻው ሊሞት ሲል ዋሽቷል። አንድ ሌላ ሰው ያውቅ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ስለ ስንሻው የሚጽፍ ሰው ከሽታው መጀመር አለበት፤ ከሰውየው ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነበርና። የበቅሎ ፋንድያ፣ የሰው ሽንት፣ የከረመ ሞራ፤ ሦስቱ አብረው ቦክተው የወጡት ሽታ ነው። ዛሬም በቅሎ የታሰረበት በረት አጠገብ ሳልፍ እጄን ከልብሴ ላይ እጠርጋለሁ። እጄ ንጹሕ ነው፤ ግን እጠርጋለሁ።

ግራዝማች አበረ የሚመሩን አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በየኮረብታው ምሽግ ሲሠራ፣ እኛ ወደ ጮቄ ተገፍተን ከተራራው ሥር አንድ ዋሻ ውስጥ ገባን። ዛሬ በየሰርጉ የሚፎከርበትን ዓይነት ዋሻ አታስቡ። እርጥብ በርኖስ፣ ቅማል፣ ያላጠቡት የአሥራ አራት ሰው እግር፣ ከጥግ ደግሞ የደሴ ቁስል ነው። ደሴ ጭኑን ተመትቶ ነበር። ቁስሉ ትል አፍርቶ፣ ትሉን በእንጨት እየለቀምን ወደ እሳት እንጥል ነበር። ሲንጣጣ ይሰማኛል። አብረውን የነበሩት ቄስ፣ አባ ገላው፣ ቁስሉን አይተው «ደም የሚሆን ነገር ካልቀመሰ ይህ ልጅ ኅዳርን አያይም» አሉ።

ደም የሚሆን ነገር ከየት ይመጣል? ያለን ጥቂት በሶ ነው። መንደር ወርዶ መለመን ቆሟል፤ ለእኛ ያበላ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት ነበር። ሚዳቋው በጮቄ ጥሻ ሞልቷል፤ በጠመንጃ ማደን ግን ግራዝማች ከልክለዋል። ምሽጉ ከበታችን ስለነበረ አንዲት ጥይት ብትጮህ ባንዳው የተኩሱን ድምፅ ይዞ ይወጣብን ነበር።

ስንሻው የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ከአባይ በረሃ አፋፍ የወጣ አዳኝ ነው። ዕድሜው አባቴን ይሆናል፤ ፊት ለፊት ካሉት ጥርሶች ሁለት ብቻ ቀርተውታል። ጠመንጃ የለውም። ትከሻው ላይ ቀስት፣ አንገቱ ላይ የፍየል ቆዳ ስልቻ አንጠልጥሎ ከዋሻው አፍ ላይ ቆመ።

ግራዝማች ከላይ እስከ ታች አዩት። «ጣልያን በታንክ መጥቷል። አንተ ቀስት ይዘህ መጣህ?»

«ለጣልያን አይደለም ጌታዬ። ለምሳ ነው።»

ሳቅን። ከእሱ ጋር አብረን የሳቅነው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

«ስልቻው ውስጥስ ምን አለ?» አሉት።

አፉን ፈታው። እንፋሎት ቦለል ብሎ ወጣ። ከፊት የተቀመጡት ሁሉ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። ስንሻው ግን ሁለት እጁን እስከ አንጓው ከተተበትና፣ ብርድ ልብስ እንደደረበ ሰው ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበቅሎ ፋንድያ ትኩሱን ይሰበስባል። ከተከተፈ ደረቅ ሣር ጋር ያሸዋል። ሽንቱን ይሸናበታል። ከዚያ ስልቻው ውስጥ ጠቅጥቆ አፉን ያስራል። ሲያድር እንደ ሊጥ ይቦካል፤ ሲቦካ ይግላል። ሦስት ቀን ሙቀቱን ይይዛል፤ በሦስተኛው ቀን ደፍቶ ሌላ ይሞላል። ከመጣ በኋላ ሥራው ይኸው ነበር፤ የግራዝማችን በቅሎ ጭራ ጭራዋን እየተከተለ ይለቅማል።

ወሩ ጥቅምት ነበር። በጮቄ ጥቅምት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ የጠመንጃ ብረት የነካ እጅ ይጣበቃል። ስንሻው ቀስቱን በእጁ አይዝም ነበር፤ በግራ ብብቱ ሸጉጦ በክንዱ ያቅፈዋል። የሚጨበጥበት ቦታ ላይ የበግ ለምድ ጠቅልሎበታል። የቀስቱን ጅማት ጤዛ እንዳይነካው ፈትቶ ከጥምጣሙ ሥር፣ ከአናቱ ላይ ይጠቀልለዋል። ሁለቱ እጆቹ ግን ስልቻው ውስጥ ናቸው፤ እንደዚያ ሆኖ ዳገት ይወጣል።

አንድ ቀን ጠየቅሁት። «ለምን ፍም በገል አድርገህ አትይዝም? እኛ ሰው አንመስልህም እንዴ?»

«ጭስ የሰው ነው። ሚዳቋ ጭስ ከሸተተው አገር ይለቃል። ፋንድያ ሲሸተው በቅሎ መጣች ይልና ሣሩን ይግጣል።»

«ጠመንጃ የያዙት እኮ በደነዘዘ እጅ ነው የሚተኩሱት።»

«ጠመንጃማ ምላጩን መሳብ ነው፤ ሞኝም ይስበዋል። ቀስት ሌላ ነው። ጅማቱ ከጣትህ መቼ እንደሚወጣ ጣትህ ማወቅ አለበት። የደነዘዘ ጣት ጅማቱን ያስቀረዋል። አንዲት ሽርፍራፊ ታህል ካስቀረው ፍላጻው ጎን ለጎን ይሄድና ሣር ትወጋለህ። ከዚያ ደሴ ሣር ይብላ?»

ይህን ሲያስረዳኝ ሦስቱን የቀኝ ጣቶቹን አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋቸው። አረንጓዴ ናቸው፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነገር ተጋግሯል። ነገር ግን እንደ ሕፃን ጣት ለስላሳ፣ ቀይና ሞቃት ነበሩ። ከዋሻው ሁሉ ያልተሰነጠቀ እጅ ያለው እሱ ብቻ ነው። ይህ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት የሞላኝ፣ ፊደል ከለየሁ በኋላ የቀረውን በራሴ የለቃቀምኩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ያየሁትን ሁሉ ስንኝ ካላደረግሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነበርኩ። ጠመንጃ ስላልነበረኝ፣ ከቀናት በኋላ ከስንሻው ጋር ወጥቼ ሥጋ እንድሸከም ታዘዝኩ። ቂሜን በግጥም ተወጣሁት፦

ስንሻው መጣላችሁ ከፋንድያው ጋራ፣
እጁን ቢዘረጋው ሸሸ ያገር አሞራ።

ግጥሙ ተወደደ። ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «ፋንድያ» አለው። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ግን አንተ እንጂ እርስዎ ያለው አልነበረም። እሱም ሁለቱን ጥርሶቹን አሳይቶ ይስቅ ነበር። አሳሳቁ ያስጠላኝ ነበር። የሚሰድቡትን የሚያስቅ ሰው አልወድም።

ያመጣውን ሥጋ እንዲነካ አንፈቅድለትም። አውሬው ዋሻ ከገባ በኋላ የሚበልተው ሌላ ሰው ነው። ስንሻው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «አልነካሁትም፣ አልነካሁትም» እያለ ይቆማል። ድርሻውን ከዋሻው ውጭ ድንጋይ ላይ እናስቀምጥለታለን፤ ውሻ እንኳ ከዚያ ይሻላል። አንሥቶት ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄድና ብቻውን ይቀመጣል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ሲበላ ማየት የሚፈልግ ሰው አልነበረምና።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይጠየቃል። ሥጋው ሲገባ አባ ገላው መስቀላቸውን እንደያዙ ይነሡና «በነፍሱ ደርሰህበታል ስንሻው?» ይሉታል።

«ደርሻለሁ አባቴ። በስመ አብ ብዬ አርጄዋለሁ።»

ያን ጊዜ ሥጋው ይባረካል፤ ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ እንበላለን። ደሴም መረቁን ይጠጣል። ትሉ መቀነስ ጀምሮ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬው በወጣሁበት ማለዳ፣ እኔና ስንሻው አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ጥሻ ዳር አድፍጠን ነበር። ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሁሉ በረዶ ለብሷል። ሚዳቋው ብቅ ሲል ስንሻው እጁን ከስልቻው አወጣ፤ ጣቱ ይጨሳል። አስቀድሞ የወጠረውን ጅማት ሳበ፤ ፍላጻው ከጎድን አጥንቱ ኋላ ገባ። አውሬው ዘለለና ጥሻው ውስጥ ጠፋ። ልነሣ ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

«ቁጭ በል።»

«ያመልጠናል እኮ!»

«ቁጭ በል አልሁህ።»

ቁጭ አልን። ፀሐይ ከማዶ ያለውን ተራራ አናት እስክትነካ ቆየን። እጄ መጀመሪያ ተቃጠለ፣ ከዚያ ታመመ፣ ከዚያ የእኔ መሆኑ ቀረ። አፌ ውስጥ ከተትኩት፤ ጣቴን ብነክሰው አይሰማኝም። ዕንባዬ ወረደ። ስንሻው ስልቻውን ወደ እኔ አስጠጋና አፉን ከፈተው።

«ሞቼ ልገኝ!» አልኩ።

«እሱማ ትገኛለህ።»

እጄን ከተትኩት። ለስላሳና እርጥብ ነገር እስከ አንጓዬ ዋጠኝ። ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከእናቴ ጀርባ ከወረድኩ ወዲህ አላገኘሁም ብል አልዋሸሁም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን አለቀስኩ። በዚያ ቡኮ ውስጥ ጣቶቻችን ተነካኩ፤ እሱም አልሸሸም፣ እኔም አልሸሸሁም።

ከዚያ ተነሥተን በውርጩ ላይ የተንጠባጠበውን ደም ተከተልን። ሚዳቋው ከአንድ ጅባራ ሥር ተኝቷል። ምላሱ ወጥቷል። ዓይኑ ላይ ትንሽ ጉንዳን ትሄድ ነበር።

ስንሻው ቢላዋውን መዘዘ። አማተበ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ አንገቱን አረደው። የሚፈስ ደም የለም፤ የወፈረ ጥቁር ነገር ዝግ ብሎ ብቅ አለ።

«ሞቷል እኮ» አልኩት።

«አዎን።»

«በክት ነው።»

«አዎን። የኋላ እግሩን ያዝልኝ።»

አልያዝኩም። «ያለፉትስ?»

«የመጀመሪያዋን አንገቷን ስለመታኋት ደረስሁባት። ሌሎቹ እንዲህ ናቸው።»

«እሮጥና እደርስበታለሁ አትልም? ምን አስቀመጠህ?»

«ከተከተልሁት በቀረችው ጉልበት ገደል ይገባል፤ ሥጋም አይገኝም። ከተቀመጥሁለት ይተኛል። ከተኛ ይሞታል። ቀስት እንዲህ ነው። ጠመንጃ ተፈቅዶልኝ ቢሆን እዚያው ጥዬ፣ ሲንፈራገጥ ባረድሁላችሁ።»

«አንተስ ነፍስህን አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ። ለዚህ አይደል የማልቀምሰው?»

አልገባኝም። አፈጠጥኩበት።

«ድርሻዬን ለቁራ ነው የምሰጠው። በሶዬን እበላለሁ» አለ፣ የኋላ እግሮቹን በጠፍር እያሰረ። «እናንተ አታውቁም፤ ያላወቀ ሰው ምን አለበት? የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አልበላም። አሁን አንተም አወቅህ። አንተም አትብላ።»

ያንገሸገሸኝ ይህ ነው። ፋንድያው አይደለም፤ በክቱም አይደለም። ይህ ሰው እኛን አንድ በአንድ ሲያጎርሰን፣ የራሱን አፍ ንጹሕ አድርጎ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያየን ነበር። እኛ የሱን እጅ ስንጸየፍ፣ እሱ የእኛን ሆድ ያውቀዋል። ቢላዋውን ነጥቄ ልወረውርበት ቃጣሁ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን አየሁ። ቆዳ የለበሰ ዱላ ነበር። በእፍኝ በሶ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የከረመ ሰው እግር ነው። ይህን በማየቴ ደግሞ ይበልጥ ጠላሁት፤ ንዴቴን እንኳ ሙሉ አላደረገልኝም።

«ለአባ እናገራለሁ» አልኩት።

«ተናገር። መብትህ ነው። ግን ደሴ መረቁን ከጠጣ በኋላ ተናገር።»

ተሸክሜው ገባሁ። አባ ገላው መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። ስንሻው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ከግድግዳው ተጠግቷል። ደሴ ከጥጉ ሆኖ፣ የሥጋውን ሽታ እንደ ውሻ ቡችላ ያነፈንፋል፤ ዓይኑ ከጉንጩ ይልቅ ትልቅ ሆኖ ነበር።

«በነፍሱ ደርሳችሁበታል?» አሉ አባ። ዛሬ ሁለት ሆነን ስለገባን ነው እንዲያ ያሉት። የሚያዩት ደግሞ እኔን ነበር።

ስንሻው ወደ እኔ ዞረ። እንዲመልስ ጠበቅሁት። ዝም አለ። ሊያስገድደኝ እንዳልሆነ ፊቱ ይናገር ነበር፤ ምርጫውን ለእኔ ትቶልኛል። ስለዚህም ጠላሁት።

«ደርሰናል አባቴ» አልኩ።

ሥጋው ተባረከ። ደሴ መረቁን ሲያቀርቡለት አፉን ዘጋና «ፋንድያው ነክቶታል?» አለ።

«አልነካውም። እኔ ነኝ የበለትሁት» አልኩት። ጠጣ፤ ጎድጓዳውን ሣህን ላሰ።

የእኔም ድርሻ መጣ። ላለመብላት ምክንያት አሰብኩ፤ ሆድ ቁርጠት ብል፣ ስእለት አለብኝ ብል። ግን ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። በላሁ። አውቄ በላሁ። ከአጥንቱ ላይ ያለውን ጅማት ሳይቀር ጋጥኩ፤ ጣፈጠኝ። ቀና ስል ስንሻው ከዋሻው አፍ ላይ ሆኖ አየኝ። አልተቆጣም፣ አልሳቀም። የራሱን ድርሻ ከድንጋዩ ላይ አነሣና ወደ ቁራዎቹ ሄደ።

ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ አብረን አደንን። ሁለቱንም ጊዜ አባ ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ደርሰናል» አልኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ በላሁ። የገና ጾም ሲገባ ሥጋ ቀረ፤ ደሴም በከዘራ ቆመ። ለአባ ገላው አልተናገርኩም። አሁን የሉም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ስንሻውን አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። ደብረ ማርቆስ ላይ የአርበኞች ስም ይመዘገብ ነበር። ከሰልፉ ውስጥ፣ ምሽጉ ሥር የጣልያን ብስኩት ሲበሉ የነበሩ ሰዎች አዲስ ካባ ለብሰው ከፊታችን ቆመዋል፤ ጸሐፊው ከወንበሩ እየተነሣ እጅ ይነሣቸዋል። የስንሻው ተራ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያየው «ስንት ገደልህ?» አለው።

«ጣልያን?»

«ታዲያ ምን?»

«ጣልያንማ አልገደልሁም። ሚዳቋ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ጸሐፊው «ሚዳቋዋ ባንዳ ነበረች?» ሲል ባንዳዎቹ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስንሻው ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ «ይህ ልጅ ያውቃል፤ ያበላሁትን ያውቃል» ሊል እንደሚችል ገባኝ። አላለም። እኔ ደግሞ እየሳቅሁ ነበር። ስሙ ሳይጻፍ ወጣ። ሁለተኛ አላየሁትም።

እንግዲህ ደሴ ደምበጫ ላይ ይህን ሁሉ የሚያወራው ለእኔ ነው። «አንድ እሱ፣ አሥራ አራት ሰው አረከሰ!» ይላል። ጠላው ሞቅ አድርጎታል። «አይ የሱ ሆድ! እያወቀ እየበላ!»

«እሱ አልበላም» አልኩት።

«አንተ በምን አወቅህ?»

ዝም ልል እችል ነበር። ስንሻው ከሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ስሜን ሸሽጎልኝ ሄዷል። ግን ከዚህ በላይ የዚያ ሰው ውለታ ሆዴ ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም።

«አብሬው ነበርኩ። ሞቶ ስናገኘው አይቻለሁ። ለአባ ‹ደርሰናል› ያልኩት እኔ ነኝ። አንተን ‹አልነካውም› ያልኩህም እኔ ነኝ። ሁሉን ነክቶታል ደሴ፤ እኔም በዚያው በፋንድያው በታሸ እጄ ነው የበለትሁልህ። ከዚያም አውቄ በላሁ።»

ደሴ አልተቆጣም። ብቻ ፊቱ ቀስ ብሎ ተኮማተረ፤ ስንሻው ስልቻውን ሲፈታ የምናደርገውን ዓይነት ፊት ነው። የነጠላውን ጫፍ ከእኔ ጉልበት ላይ ሰበሰበ። ከመደቡ ላይ ጥቂት ፈቀቅ አለ፤ ከዚያም ጥቂት ጨመረ። እጄን ወደ ዋንጫው ስሰድ የራሱን ዋንጫ አነሣና ወደ ሌላው ጎን አዞረው።

«ለምን ነገርከኝ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ቀብሩ ላይ ከእኛ ማንም አልነበረም ስላልከኝ።»

 ያለ ከዘራ ተነሣ። የተመታው እግሩ ድኗል፤ ጥቂት ብቻ ያነክሳል። ጠላ ሻጯ ሴትዮ ዋንጫዬን እንድታጥበው በእጁ አመለከታትና፣ ወደ ገበያው ሰው ገብቶ ጠፋ።